ጎጆን ማን ከፈተው?

እሁድ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪዎች ሊመጡ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበትን ሥራ፣ የነርቭ ሴሎች እንዴት እንደሚነጋገሩ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳየውን ሞዴል ሊረከቧቸው። ልጃቸው «አዲሱ ኮምፒውተር ላይ እኔ ልጫንልዎት፣ አባዬ» ብትላቸው «ገና አልሞትኩም» ብለው አፏን አስያዟት።

እውነታቸውን ነው። ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትና ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንደ ውሃ ይጠጧቸው ነበር፤ እሷንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ ሥራ ኮምፒውተሩ ውስጥ የብቻው ክፍል ይሠራለታል፤ የአንዱ ዕቃ ከሌላው እንዳይደባለቅ። ከመጫን በፊት አንዲት መስመር ጽፎ ወደ ክፍሉ መግባት ነው። የክፍሉ ስም በመስመሩ ራስ ላይ ብቅ ካለ ተገብቷል ማለት ነው። የሳቸው ክፍል ስም «ጎጆ» ነው። ሳይገባ የሚጭን ተማሪ ካዩ «በረንዳ ላይ ድስት አትጣድ፣ ጓዳ ግባ» ይሉት ነበር።

አሁን በረንዳ ላይ የሚጥዱት እሳቸው ሆኑ። ክፍሉን ሠርተው መግባቱን ይረሳሉ። ሊጭኑ ሲሉ ኮምፒውተሩ እዚህ አይሆንም ብሎ ቀይ ጽሑፍ ያዥጎደጉድባቸዋል። «ዕቃው ተበላሽቷል» ይላሉ። ደግመው ይጀምራሉ፣ ደግመው ይረሳሉ። ልጅት ከኋላቸው ቆማ ታያለች፤ «ረሱት» ግን አትላቸውም። ጠዋት ጠዋት «እናትሽ ወዴት ሄደች?» ሲሏትም «አክስቴ ጋ ናት» ማለት ለምዳለች። እናቷን የቀበሩት አምና ነው። መጀመሪያ እውነቱን ብትነግራቸው እንደ አዲስ አለቀሱ፤ በማግሥቱ ጠይቀው ደግመው እንደ አዲስ አለቀሱ። ሰው የገዛ ሚስቱን ስንቴ ይቅበር?

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ ሲያሸልቡ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠች። ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ተርሚናሉ፣ በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያነበው ፋይል አለ። ወደ ጎጆ የምታስገባዋን መስመር እዚያ ጻፈችላቸው። ከእንግዲህ ቢረሱም በሩ ክፍት ነው።

ነቅተው ተርሚናሉን ከፈቱ። ጫኑ፤ ሁሉም እሺ ብሎ ገባ። ሞዴሉን ሲያስነሱት ሴሎቹ ስክሪኑ ላይ ነጥብ በነጥብ ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር። ልታጨበጭብ ስትል ዓይናቸው ነጥቦቹ ላይ አለመሆኑን አየች። ወደ መጀመሪያው መስመር ተመልሰዋል። እሳቸው ገና ምንም ሳይጽፉ «ጎጆ» የሚለው ስም እዚያ ሰፍሮ ነበር።

«ማነው የከፈተው?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኔ ነኝ ብትል መርሳታቸውን ማወቋን መናገር ነው። እርስዎ ነዎት ብትል ይህንንም ረሱ ማለት ነው።

እሳቸው ግን መምህር ናቸውና የት እንደሚፈልጉ አልጠፋቸውም። ፋይሉን ከፍተው የጻፈቻትን መስመር አነበቡ። «ጎበዝ፤ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ እናትሽም አክስትሽ ጋ አይደለችም፣ አይደል?»

«አይደለችም፣ አባዬ።»

እንደ አዲስ አለቀሱ፤ እሷም አብራቸው አለቀሰች። ነገ ጠዋት ደግመው እንደሚጠይቋት አሁን ሁለቱም ያውቃሉ።