ገቢ ቁጥር የሌለው ጥያቄ

የይሄነው ዋና የሥራ መሣሪያ ላጲስ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ በላጲስ ምን ይሠራል የሚል ሰው የእንጅባራን ክረምት አያውቅም። በዚህ ከተማ እርጥበቱ የሰው አጥንት አልበቃ ብሎት ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ራም የምትባለውን ትንሽ ካርድ ጥርሶቿን ዝገት ነገር ይይዛቸዋል፣ ማሽኑም ጢጥ ጢጥ ጢጥ ብሎ ይጨልማል። ይሄነው ሽፋኑን ይከፍታል፣ ካርዷን ይነቅላል፣ ጥርሶቿን በላጲስ ወልወል ያደርግና መልሶ ይሰካታል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ባንጠራው ይሻላል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠግን የኖረው ኮሪደር ላይ «ይሄነው የኔ ወንድም፣ አንዴ ብቅ በልማ» እየተባለ ነው። ማንም አመልክቶ አያውቅም፤ ማንም ሳይጠገንለት አልቀረም።

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አይበረክትም። ኃላፊው አቶ አዝመራው ከሥልጠና በተመለሱ በሰኞው ይሄነውን አስጠሩት።

«ባለፈው ዓመት ስንት ጥገና ሠራህ?»

«እንጃ ጋሼ፣ ብዙ ነው።»

«እንጃ የሚል ሪፖርት አይቼ አላውቅም» አሉ። «የድጋፍ ጥያቄ የሚመዘገብበት ዳታቤዝ ንደፍ። ረቡዕ ኮሚቴው ያየዋል፣ ዓርብ ሥራ ይጀምራል። እስከዚያ አንድም ማሽን እንዳትነካ። ያልተመዘገበ ጥገና እንዳልተጠገነ ነው የሚቆጠረው።»

እውነቱን ለመናገር ይሄነው ደስ አለው። ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ላጲስ ከበላው ቆይቷል። ያን ቀን ምሳም አልበላ፤ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ሠንጠረዥ ሣለ። አንዱ የሠራተኛ፣ አንዱ የማሽን፣ አንዱ የጥያቄ። ማን ጠየቀ፣ የትኛው ማሽን ተበላሸ፣ መቼ ተጠገነ፤ ሦስቱን በቀስት አገናኛቸው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሲስተሙ ራሱ ከአንድ ጀምሮ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የቀረው ሁሉ በዚያ ቁጥር ይያያዛል። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አየው። ሸጋ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤቷ እህተማርያም በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄነው፣ ኮምፒውተሬ ጢጥ ጢጥ አለና ጠፋ።»

«እስከ ዓርብ እንዳልነካ ተከልክያለሁ።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባሏ ዳንግላ ነው የሚያስተምረው፤ የአራት ዓመት ልጃቸውም እዚያው ናት። ሦስት ዓመት ዝውውር ስትጠይቅ ኖራ ገና አሁን ዳንግላ አንድ ቦታ ተከፍቷል። እዚሁ እንጅባራ ማመልከቻ መቀበል የሚያበቃው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው የአገልግሎት ማስረጃዋ ደግሞ ያለው በዚያው በጠፋው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

«ልጄ አክስቷን እማዬ፣ እኔን እትዬ ማለት ጀምራለች» አለችው። «ይቺ ዓርብ ካለፈች ሌላ ቦታ የሚከፈተው መቼ እንደሆነ እንጃ።»

ላጲሱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ከእሱ ቢሮ እስከ መዝገብ ቤት አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

«ዓርብ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» አላት፤ ያኔ ያምንበት ነበር።

ረቡዕ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቀመጠ። ከሰባቱ ሁለቱ ኮምፒውተራቸውን የሚያስከፍቱት በጸሐፊ ነው። የዕቅድ ባለሙያው ስንታየሁ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይቺው ናት?» አለ። ሦስት ሠንጠረዥ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር አነሰ። መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ በሹመት ደረጃ ይሁን ተባለ፤ የኃላፊው ማውስ ቢሰንፍ ከመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ሞት ይቀድማል ማለት ነው። ቀጥሎ የግልባጭ ሠንጠረዥ ተጨመረ፦ እያንዳንዱ ጥያቄ ለስምንት ክፍሎች ግልባጭ ይደረጋል። ከዚያ ቃለ ጉባኤ የሚያያዝበት ሠንጠረዥ መጣ፣ ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ያጸደቁት ሰዎች ሠንጠረዥ። ለምሳ ሲነሡ ሠንጠረዡ አሥራ አንድ ደርሶ፣ ቀስቱ ድመት የተጫወተችበት ልቃቂት መስሎ ነበር።

ከምሳ በኋላ አቶ አዝመራው ጣታቸውን ተራ ቁጥሩ ላይ አሳረፉ።

«ይኼን ቁጥር የሚሰጠው ማነው?»

«ሲስተሙ ራሱ ይቆጥራል፣ ጋሼ።»

«ሲስተሙ የዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው? በዚህ ቤት ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ቤት ነው። ጥያቄው ገቢ ቁጥር ይውጣለት፤ ካልወጣለት ሲስተሙ አይቀበለው። ቁጥር የሌለው ነገር በዚህ ቤት የለም።»

ተጨበጨበ። ይሄነው ቀስቱን ወደ መዝገብ ቤት አዞረውና እርሳሱ እዚያ ሲደርስ እጁ ቆመ። የእጅ መዝገቡ አምና በመመሪያ ቀርቷል፤ ገቢ ቁጥር የሚወጣው በእህተማርያም ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ እንዲጠገን ጥያቄዋ ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥሩ እንዲወጣ ኮምፒውተሩ መጠገን አለበት። ይኼን ሊናገር አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት አቶ አዝመራው «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ለባሕር ዳሩ ሥልጠና ስሙን ያዙልኝ» አሉ። ይሄነው አፉን መልሶ ዘጋው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እሱ ግን ዝንብ የዋጠ ያህል ቀፎት ወጣ።

ዓርብ ከሰዓት ሠራተኛው አዳራሽ ተሰብስቦ ሲስተሙ ተከፈተ። ይሄነው ቃሉን ጠብቆ እህተማርያምን አስቀደማት። በእሱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ጥያቄዋን ሞላች። ሲስተሙ «ገቢ ቁጥር ያስገቡ» አላት።

«መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጣት» አሉ አቶ አዝመራው።

«መዝገብ ቤት እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ስጪያ።»

«ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል።»

«ከተበላሸማ ጥያቄ አቅርቢ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ስንታየሁ ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ሰኞ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። አቶ አዝመራውም «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ብለው ደገፉት። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። እህተማርያም ኃላፊውን አላየችም፣ ሰዓቱንም አላየችም፤ ያየችው ይሄነውን ነው።

ይሄነው ተነሥቶ ወጣ። መዝገብ ቤት ገብቶ ሽፋኑን ከፈተ፣ ካርዷን ነቀለ፣ ወለወለ፣ ሰካ። ፈርቷል፤ በሩን እያየ ነው የሠራው። ማሽኑ አንዴ ብቻ ጢጥ አለና በራ። ማስረጃዋ ታተመ፤ እህተማርያም ማመልከቻዋን ያስገባችው አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።

ሰኞ የተቀመጠው ንዑስ ኮሚቴ ኮምፒውተሩ ሳይጠገን እየሠራ አገኘው። ሦስት ሳምንት መርምሮ፣ ይሄነው ከሥልጠናው እንዲሰረዝና ከእንግዲህ ያለ ሲስተሙ ማሽን ከነካ እንደሚባረር የሚገልጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጀ፤ ግልባጩ ለስምንት ክፍሎች። ደብዳቤው ተፈርሞ ወጪ ቁጥር እንዲሰጠው መዝገብ ቤት ሲደርስ፣ ዝውውሯ የጸደቀላት እህተማርያም የመጨረሻ ቀኗ ነበር። አነበበችውና ይዛው ወደ ይሄነው ቢሮ መጣች።

«ሥራሽ ነው፣ ቁጥሩን ስጪው» አላት።

«ዘጠኝ ዓመት አንድ ደብዳቤ አልጠፋብኝም» አለች። «ይኼም አይጠፋም፤ ተራውን ይጠብቅ።» ተመልሳ ከፋይሉ ሁሉ ግርጌ አስገባችው። ከዚያ በዘጠኝ ሰዓቱ ሚኒባስ ዳንግላ ሄደች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለችለት። «ትናንት እማዬ አለችኝ» አለች። «አክስቷ ዞር ስትል ጠብቃ ነው፣ ግን ብላለች።»

በእሷ ቦታ እስካሁን ሰው አልተተካም። የቅጥር ጥያቄው ገቢ ቁጥር እየጠበቀ ነው። እሷ ከሄደች ወዲህ ሲስተሙ አንድም ጥያቄ ሳይቀበል ሦስት ወር ሆኖታል፤ ሪፖርቱ ግን «ያልተፈታ ጥያቄ፦ ዜሮ» ስለሚል አቶ አዝመራው የምስክር ወረቀት ተሸልመውበታል።

ባለፈው ሐሙስ ያው ዝናብ ሲወርድ ውሎ አቶ አዝመራው ይሄነውን ኮሪደር ላይ አገኙት። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይሄነው የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተሬ ጢጥ ጢጥ ትላለች። አንዴ ብቅ በልማ።»

«ጋሼ፣ ማሽን ብነካ እንደምባረር ደብዳቤ ተጽፎብኛል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ደርሶሃል? ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥር አልወጣለትም።»

«እንግዲያው የለም» አሉና የቢሯቸውን በር ከፈቱለት። ይሄነው ላጲሱን ከኪሱ አወጣ።