ለዘመድ የተሸጡ አልጋዎች

«ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ እዚህ የተጎለትኩት ዝንብ እሽ ልል ነው?» አሉ አጎትየው፣ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው።

«ጋሼ፣ እንደሱ አልወጣኝም። ባንኩ ነው የተመሰከረለት የሒሳብ አዋቂ ካልፈረመበት አልቀበልም ያለው። ብድሩን ካላገኘን ማሽኑን አንገዛም። ማሽኑ ከሌለ ደግሞ የትምህርት ቤቶቹ ትእዛዝ ለሌላ ይሄዳል፣» አለች የወንድማቸው ልጅ።

«እኔም እኮ ፊርማ አለኝ!»

የእንጨት ሥራ ድርጅቱን ከአባቷ የተረከበችው እሷ ናት፤ ሒሳቡን ግን ከአባቷ ዘመን ጀምሮ የሚይዙት አጎቷ ናቸው። ከታች የመሰንጠቂያው ጩኸት ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ልትቀጠር የመጣችው የሒሳብ አዋቂ መስኮቱ ስር ተቀምጣ፣ ጭቅጭቁ የማይመለከታት ይመስል፣ የዓመቱን ሽያጭ ታገላብጣለች።

«ስሚ ልጄ፣» አሏት አጎትየው ወደ እሷ ዞረው፣ «ያንቺ ፊርማ ከኔ በምን ይበልጣል?»

«እርስዎ ቢሳሳቱ ምን ይደርስብዎታል?»

«ምን ይደርስብኛል? የወንድሜ ቤት ነው።»

«እኔ ግን ፈቃዴን እነጠቃለሁ። ባንኩ የሚያምነው ይሄንን ነው።» ጣቷን ገጹ ላይ አሳረፈች። «እነዚህን አልጋዎች ማን ገዛቸው? ገንዘቡ የትም አልገባም።»

«የዘመድ ሙሽሮች ናቸው።»

«አልከፈሉም?»

«ከሙሽራ ገንዘብ ይቀበላሉ እንዴ!»

«ታዲያ ለምን ተሸጠ ተባለ?»

«ድርጅቱ አልጋ በነጻ ያድላል ብዬ ልጻፍ? ሰው ምን ይለናል?»

የወንድማቸው ልጅ ሳቋ አመለጣት። «ላላተረፍነው ግብር ስንከፍል ኖረናላ!» ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «አንቺ፣ ግድ የለሽም፣ ለዘንድሮ እንዳለ ፈርሚልን። አልጋዎቹ ከሽያጩ ወጥተው ትርፉ ካነሰ ብድሩን ቢከለክሉንስ?»

«ያነሰውን ይዤ ባንኩ ፊት እቆማለሁ፤ ደግሞም ያን ያህል የሚያሳፍር አይደለም። የሌለውን ይዤ ግን አልቆምም። ይህ ካልተስማማሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

አጎትየው አገጫቸውን እያከኩ የሒሳብ አዋቂዋን ትክ ብለው አዩዋት።

«ይቺን ቅጠሪ፣» አሉ በመጨረሻ። «አንቺን ፊት ለፊት እምቢ ያለች ባንኩን ትፈራለች ብለሽ ነው?»

ሁለቱ ሴቶች ወንበራቸውን አስጠጉ። የትኛው አልጋ ለየትኛዋ የአክስት ልጅ እንደሄደ እየተቀባበሉ፣ እየተሳሳቁም፣ መለየት ጀመሩ። አጎትየው የሥራ ካፖርታቸውን ከሚስማሩ አወረዱና ለብሰው፣ በሩን በቀስታ ገፋ አድርገው ወደ መሰንጠቂያው ደረጃውን ወረዱ።