የጥቁሩ ተራ

ይሥሐቅ ሊያለቅስ መጥቶ ሥራ ተሰጠው።

ጎንበስ ብሎ ወደ እድሩ ድንኳን ገና ሲገባ የሟች ልጅ አብርሽ ክንዱን ይዞ ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ ጓዳ ወሰደው። ከገብስ ጆንያዎቹ ላይ አንድ ጣቃ ጥቁር ጨርቅ ተጋድሟል።

«ጋሽ ይሥሐቅ፣ ለእናቴና ለእህቴ ቀሚስ፣ ለእኔና ለአጎቴ ሸሚዝ ነው። ለሰልስት ቢደርስልን። ያለ እርስዎ ማን አለን?»

«ይደርሳል» አለ ይሥሐቅ።

ሌላም የሚለው ነበረው። ከልጁ ጋር ተቃቅፎ፣ እንደማንኛውም ሰው ድምፁን አውጥቶ ማልቀስ ፈልጎ ነበር የመጣው። ነገር ግን ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር። ትናንት ቀብሩ ላይ ሳይቀር አንገቱ ላይ እንደዋለ አሁን ትዝ አለውና አፈረ። ሜትር ያንጠለጠለን ሰው ማን ሐዘንተኛ ይለዋል? መለካት ጀመረ።

የሟች ባለቤት እትዬ ጥሩሸዋ ከፍራሹ ተነሥተው ቆሙለት። ፊታቸው በለቅሶ አብጧል። ትከሻቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ወገባቸውን ለክቶ አንገታቸው ላይ ሲደርስ እጃቸውን እጁ ላይ አደረጉ።

«አንገቱን ላላ አርገው፤ ትንፋሽ አጠረኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ጨርቁን በብብቱ ይዞ ወጣና ከድንኳኑ በር አጠገብ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት አቀማመጥ አለው። የሥጋ ዘመድ ከላይ ነው፤ የሚመጣው ሰው ከላይ ጀምሮ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ይወርዳል፤ ዘመድ ሲያልቅ ቃሉም ያልቅና መቀመጫውን ይፈልጋል። ይሥሐቅ ጋ ሲደርሱ ቃሉ አልቋል። ለእሱ የተረፈው ሌላ ነበር።

«ልብሱ ይደርሳል ወይ?» ይሉታል።

«ይደርሳል።»

ንፍሮ ዞረ። ዘገነ፤ አልበላም። ይሥሐቅ ከመርሐ ቤቴ ቆላ ገና ጎረምሳ ሳለ በመርፌ ሊኖር ሞላሌ የወጣ ሰው ነው። አላገባም፣ አልወለደም፤ የሞላሌን ብርድ እንኳ እስከ ዛሬ አልለመደውም። ዘመድ ማለት ለእሱ ከሱቁ ግድግዳ ማዶ ወፍጮ ቤት ያላቸው ጋሽ ወንዳፈራሁ ነበሩ። ስንት ዓመት ከሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጦ ኖረ፤ አሁን ሲሞቱ ግን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ አላወቀም።

ከፊቱ ወይዘሮ አመተሥላሴ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላለች።

«ነፍሳቸውን ይማረውና ጠጠር ይጥሉ ነበር እኮ።»

«ኧረ ተይ፣ በሬሳ አይቀለድም።»

«ምን ቀልድ አለው? እኔ ራሴ በጌ ጠፍታ ጠይቄያቸው አግኝቻለሁ። ከዚያ ከልብስ ሰፊው ጋር ሆነው…»

ዞር ስትል ይሥሐቅን አየችውና ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ማታ ለጋሽ ወንዳፈራሁም ይነግራቸው ነበር።

የበጓ ነገር እውነት ነው። ጠጠሩ ግን ጠጠር አልነበረም፤ የልብስ ቁልፍ ነው።

ነገሩ የመጣው መንገዱ ሲሠራ ነው። ከካምፑ ቻይናዎች አንዱ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው፣ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ይሥሐቅ ሱቅ ገባ። ሱሪው እስኪጣፍለት ድረስ ዓይኑን ከመደርደሪያው አልነቀለም። መደርደሪያው ላይ ሁለት ጣሳ ነበር፤ በአንዱ ነጭ ቁልፍ፣ በአንዱ ጥቁር። ሰውየው እንደ ሕፃን ሳቀ። ጠመኔውን አነሣና መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ቁልቁልም አግድምም ያሰምርበት ጀመር። ይሥሐቅ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት መዳፉ ላይ ነጭ ቁልፍ አስቀመጠለት።

ጋሽ ወንዳፈራሁን ያመጣቸው መብራት መጥፋቱ ነው። መብራት በጠፋና ወፍጮው በቆመ ቁጥር ዱቄታቸውን ሳያራግፉ መጥተው እዚያ ሱቅ ይቀመጣሉ። ቋንቋ የለም፤ ቻይናው በጣቱ ያሳያል፣ እነሱ ይከተላሉ። ቁልፉ መስመር ከመስመር በሚገናኝበት ይቀመጣል፤ አንዴ ከተቀመጠ አይንቀሳቀስም። ዙሪያውን ተከቦ መተንፈሻ ካጣ ይነሣል። ከጎኑ የራሱ ወገን ካለ ግን ትንፋሻቸው የጋራ ነው። በመጨረሻ ብዙ ቦታ ከልሎ የያዘ ያሸንፋል። ይህን ጊዜ ጋሽ ወንዳፈራሁ ጭናቸውን መታ አደረጉ፤ ዱቄቱ ቦነነ።

«ይሄማ የኛው የመሬት ክርክር ነው» አሉ። «ዘመድ ያለው አይነቀልም።» ከዚያ የጥቁሩን ጣሳ ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ነጩንስ ቀኑን ሙሉ ስቅመው እውላለሁ፤ እኔ ጥቁር ነኝ።»

ቻይናው ማስረዳት ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቁልፎቻቸውን ከቦ ባነሣ ቁጥር በሁለት ጣቱ ሁለት ዓይኑን ያሳያቸዋል። «ዓይናችሁን ክፈቱ» ማለቱ መሰላቸውና አፍጥጠው መጫወት ያዙ። አፍጥጠው ተሸነፉ። መንገዱ አለቀና ሰውየው ሄደ፤ እነሱም እርስ በርስ እያፈጠጡ ቀጠሉ። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጠዋት፣ ወፍጮው እየጮኸ፣ ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተሰልፈው ሳለ፣ ጋሽ ወንዳፈራሁ ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ሆነው እየሮጡ መጡ።

«ይሥሐቅ፣ ማፍጠጡን ተወው። ዓይን ያለው ሁለት ባዶ ቦታ ነው። ውስጡ ሁለት ክፍት ቦታ ያለው ቤት አይሞትም፤ ጠላት ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይደፍናቸውማ።»

ወፍጮው ባዶውን እየፈጨ፣ ሴቶቹ ከደጅ እየተጣሩ፣ እሳቸው ጠረጴዛው ላይ ቁልፍ እየደረደሩ አሳዩት። ይሥሐቅ በዕድሜው እንዲያ የተደሰተ ሽማግሌ አላየም። በዚያው ሰሞን አሮጌ ሣንቃ አመጡ፤ እሱ በሜትር ለክቶ አሰመረው፣ እሳቸው መስመሩን በጋለ ምስማር ተኮሱት። ቻይናው ዌይቺ ይለው ነበር። አብርሽ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ በስልኩ አይቶ «ሌላው ዓለም ጎ ነው የሚለው» አላቸው። እነሱ ግን «ከበባ» አሉት፤ ከበባ ሆኖ ቀረ።

የወይዘሮ አመተሥላሴ በግ የጠፋች ዕለትም ሣንቃው ላይ አቀርቅረው ነበር። ሴትዮዋ ከበሩ ላይ ቆማ የተበተነውን ጥቁርና ነጭ ስታይ ጠጠር ጣይ መሰሏት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በጌ የት ናት አለች። ጋሽ ወንዳፈራሁ ቀና ሳይሉ «ከወገን የተነጠለች ቁልቁል ነው የምትወርድ። ገደሉ አፋፍ ላይ እዪ» አሏት። ስለ በጓ ይሁን ስለ ቁልፋቸው ይሥሐቅም አልለየውም። በጓ ተገኘች። ከዚያ ወዲያ ላም የጠፋበትም፣ ባል የጠፋባትም ሱቁ ደጃፍ ይቆም ጀመር፤ ሁለቱም ይህን እያነሡ ስንት ምሽት ስቀውበታል።

ይሥሐቅ ከድንኳኑ ወጥቶ ሱቁን ከፈተ። ሣንቃው ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ በነጠላ እንደተሸፈነ ነው። አልነካውም። ጨርቁን ዘርግቶ ቆረጠ፤ የስፌት መኪናዋን ረገጠ። ከግድግዳው ማዶ የወፍጮው ድምፅ የለም። ለካ መኪናዋ ይህን ያህል ትጮሃለች።

ሸሚዞቹ አለቁ፤ የልጅቱም ቀሚስ አለቀ። ችግር የመጣው በቁልፍ በኩል ነው። ሞላሌ የገባ ጥቁር ቁልፍ ሁሉ ለዓመታት ተለቅሞ ለከበባ ውሏል። ሱቆቹን ዞረ፤ ነጭ አለ፣ ቡኒ አለ፣ ጥቁር የለም፤ ገበያ እስኪቆም አይመጣም አሉት። ተመልሶ ከጣሳው ሥር የቀሩትን፣ ገና ያልተቀመጡትን ጥቁሮች አወጣ። ለሌሎቹ በቁ። ለእትዬ ጥሩሸዋ ቀሚስ አንድ ጎደለ፤ የአንገቱ።

ነጠላውን ገለጠው።

ጨዋታው እንዳለ ነው። ተራው የጥቁሩ ነው። ጋሽ ወንዳፈራሁ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ በግራ ማዕዘን ያለው ቤታቸው ተከቦባቸው፣ አንዱን ዓይን አግኝተው ሁለተኛውን አጥተው፣ አንዲት ጥቁር ቁልፍ በጣቶቻቸው መሐል እያሹ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሡ።

«እስቲ ልደርበት» አሉ።

ልማዳቸው ነበር። ሲጨንቃቸው ቁልፏን ኪሳቸው ከተው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ጠዋት ወፍጮውን ከመክፈታቸው በፊት ብቅ ብለው፣ እንዴት አደርክ እንኳ ሳይሉ፣ ቁልፏን ካሰቡበት ቦታ ጣል አድርገው ይወጣሉ። በማግሥቱም ይሥሐቅ ሱቁን ከፍቶ ጠበቃቸው። ወፍጮው አልጮኸም። የሰማው የእድሩን ጥሩምባ ነው።

ያቺ ቁልፍ የት እንደደረሰች በቀብሩም በድንኳኑም ሲያስብ ነበር። አልጠየቀም። ሰው ሞቶ ስለ ቁልፍ ይጠየቃል?

አሁን ከሣንቃው ላይ አንዷን ማንሣት ብቻ ነው። እጁን ዘረጋ። የዳሯን ቢያነሣ የጎኗ ወገኖች ይቆረጣሉ፤ የመሐሏን ቢያነሣ ቤቱ ይፈርሳል። ሥራ የፈታች አንድም የለች። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን አላጭበረበራቸውም፤ ዛሬ አፈር ውስጥ ሆነው ከኋላቸው ሊሰርቃቸው ነው? እጁን ሰበሰበ። ከዚያም ጥቁሩ ቀሚስ ላይ ተደፍቶ፣ ማንም «አይዞህ» በማይልበት ቤት፣ ብቻውን አለቀሰ። ጨርቁ ረጥቦ ቢያይ ጊዜ ካውያውን አሙቆ አደረቀው።

በሰልስቱ ጠዋት ልብሱን ተሸክሞ ሄደ። አብርሽና አጎቱ ለበሱ፤ ልጅቱ ለበሰች። እትዬ ጥሩሸዋ ጓዳ ገብተው ለበሱና ጠሩት።

«የአንገቱ ቁልፍ ጎድሏል፣ እትዬ» አላቸው መሬት መሬት እያየ። «ጥቁር አጣሁ። ገበያ ሲቆም መጥቼ እሰፋዋለሁ።»

እሳቸው የመቀነታቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ጥቁር ቁልፍ ነበረች።

«የገነዟቸው ሰዎች ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ» አሉ። «ከልብሳቸው የወደቀች መስሎኝ ልብሳቸውን ሁሉ አገላብጬ አየሁ። ኮታቸውን፣ ካፖርታቸውን፣ ያን የሠርጋችንን ሸሚዝ ሳይቀር። አንድ የጎደለው የለም። ሰው በቁልፍ ያብዳል? ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግ ነው የሰነበትኩት። አንተ ሰፊ ነህና ንገረኝ፤ ከየት ናት?»

ይሥሐቅ ጎንበስ ብሎ አያት።

«የጨዋታችን ናት» አለ። «ተራው የሳቸው ነበር። ልደርበት ብለው ይዘዋት ሄዱ። የት ሊያስቀምጧት እንዳሰቡ… እኔም አላውቅ።»

እትዬ ጥሩሸዋ ቁልፏን ደጋግመው አዩዋት።

«ለዚህ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «አልጋው ላይ ሲገላበጡ፣ ምን ሆኑብኝ ብላቸው፣ ‹ይሥሐቅ ከቦኛል› አሉኝ። እየሳቁ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቃል አልሰማሁም።»

ከድንኳኑ የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ይስጡኝ፣ አንገቱ ላይ ልስፋት» አለ ይሥሐቅ።

«የለም። የኔ አንገት ይላላ ብዬህ የለ? እንዲሁ ክፍት ይሁን። ይቺን ለራስህ ስፋት።» ቁልፏን መዳፉ ላይ አድርገው ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት። እጁን ሳይለቁ «እግዜር ያጥናህ፣ ይሥሐቅ» አሉት።

ይሥሐቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ወደ ድንኳኑ ወጥቶ ከበሩ አጠገብ፣ ከዚያው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ኮቱን አወለቀ። ከኮቱ ኮሌታ ሥር የማትጠፋውን መርፌ ነቀለና ጥቁር ክር አስገባባት። ከላይ ያለችውን ነጭ ቁልፍ ቆረጠ፤ በቦታዋ ጥቁሯን ሰፍቶ ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ኮቱን መልሶ ለበሰና እስከ አንገቱ ቆለፈው። ከዚያ ነጯን ቁልፍ ኪሱ ከተተ፤ እጁንም እዚያው ተወው።