ሁለት ጊዜ ካላንኳኳ

የመጀመሪያው ጥይት የአዳራሹን በር ጠባቂ ጣለው። ሁለተኛው የጣሪያውን መብራት አደቀቀና ስባሪው በእንደራሴዎቹ ራስ ላይ ዘነበ። ከዚያ ኮሎኔሉ ወታደሮቹን አስከትሎ ገባ፣ አፈ ጉባኤውን በካልቾ ብሎ ከመድረኩ አወረደና የያዘውን ወረቀት አነበበ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ምክር ቤቱ ይዘጋል፣ ሥልጣኑ ሁሉ ለጦሩ ይሰጣል።

«እኔ ሕግ አከብራለሁ» አለ። «ሁለት ሦስተኛ ይበቃኛል። ከሁለት መቶዎቻችሁ መቶ ሠላሳ አራት እጅ! ቆጣሪው የታለ?»

ድምፅ ቆጣሪው ከጠረጴዛ ሥር ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ አዳራሽ ውስጥ እጅ ሲቆጥር የኖረ፣ እርሳሱን ከጆሮው የማያወርድ ሰው ነው። የቤቱ ደንብ ጥብቅ ነው፤ ቆጣሪው ጠረጴዛውን በእርሳሱ ሁለት ጊዜ ካላንኳኳ የተነሣ እጅ አይወርድም፣ አይቆጠርምም። «በር አንኳኪው» ብሎ ቅጽል ስም ያወጣለት አጎቱ ነው፤ ያሳደገው፣ አራተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ሽማግሌ እንደራሴ። በስብሰባ መሀል የሚያንኮራፉትን እያየ፣ «አውቆ የተኛን አንተም ብታንኳኳበት አይነቃም፣ ልጄ» እያለ ያሥቀው ነበር።

ቆጠራው ተጀመረ። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለው ወፍራም እንደራሴ ሳይጠየቅ እጁን አነሣ፤ ሁለቱንም ሊያነሣ ምንም አልቀረውም። ቋ ቋ። አንድ። እምቢ ያሉትን በሰደፍ እየነረቱ ወደ ግቢ ያወጧቸዋል፤ ወዲያው ከግቢው ጥይት ይሰማል። ቆጣሪው እጃቸውን ባነሡት አልፈረደባቸውም፤ እሱም ፈርቷል። ጠዋት ሚስቱ፣ «ዛሬ ነገሩ አላማረኝም፤ አንተ ቆጥረህ ብቻ ና» ብላው ነበር።

አጎቱ ዘንድ ሲደርስ፣ ሽማግሌው እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል።

«አንሣ አንተ ሽማግሌ!» አለ ወታደሩ።

«ይህን እጅ ለመሐላ አንሥቼዋለሁ። ከእንግዲህ ለዚህ አላነሣውም።»

ሰደፉ መጀመሪያ አፉን አገኘው፣ ቀጥሎ ጆሮ ግንዱን። ሦስተኛው ሲያርፍ እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። አራተኛው አያስፈልግም ነበር፤ ወታደሩ ግን መታ። ቆጣሪው ከቆመበት አልተራመደም፤ ለዚህም ራሱን ጠላ።

«ቀጥል!» አለ ኮሎኔሉ።

ቀጠለ። የመጨረሻው ረድፍ ሲያልቅ ከእንደራሴዎቹ በአዳራሹ የቀሩት የአጎቱ ሬሳና እጃቸውን ያነሡት መቶ ሠላሳ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እምቢ ያሉት ግቢ ውስጥ ተጋድመዋል። አንድ እጅ ጎደለ፤ ኮሎኔሉ ከሚገባው በላይ ገድሏል።

ኮሎኔሉ ዓይኑን አዟዟረና አራተኛው ረድፍ ላይ አሳረፈ። «ያ ሰውዬ ከወንበሩ አልተነሣም። እንደራሴ ነው፣ ይቆጠራል።»

ወታደሩ የሬሳውን እጅ አንጓው ላይ ይዞ ወደ ላይ አነሣው። ደሙ በእጅጌው ውስጥ ወደ ክርን ወረደ።

«አንኳኳ!»

ቆጣሪው ተጠጋ። እርሳስ አያያዝ ያስተማረው ያ እጅ ነው። ቀስ ብሎ ከወታደሩ ተቀበለው፣ በኮቱ ጫፍ ጠረገው፣ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረው አጣጥፎ አስቀመጠው።

«መቶ ሠላሳ ሦስት» አለ።

ሰደፉ ሁለት ጥርሱን አረገፈለት። በጉልበቱ ወደቀ።

«ቆጠራው ተሳስቷል!» ብሎ ጮኸ ኮሎኔሉ። «ድገም!»

ኮሎኔሉ ደንቡን አያውቅም። ቆጠራ ይደገም ከተባለ የፊተኛው ይሰረዛል፤ ከመጀመሪያው ወንበር ተነሥቶ እያንዳንዱ እጅ እንደ አዲስ መነሣት አለበት። ቆጣሪው ይህን ከአፉ አላወጣውም። እርሳሱን ከወለሉ ፈልጎ አነሣና ደም እየተፋ ወደ ፊተኛው ወንበር ሄደ።

«ክቡር እንደራሴ፣ አዋጁን ይደግፋሉ?»

ወፍራሙ ሰውዬ የቆጣሪውን አፍ አየ። ዞሮ አራተኛውን ረድፍ አየ፤ እዚያ የታጠፉትን ሁለት እጆች ረጅም ጊዜ አየ። ከኋላው አፈሙዙ ማጅራቱ ላይ ተደገነ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። እጁ ከጭኑ ተነሣ፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረሰና እንጨቱን ጭብጥ አድርጎ ያዘ።

ከኋላ አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ሰው ያን እጅ ያያል።

ቆጣሪው እርሳሱን እንዳነሣ ጠበቀ።