አጎቴ ያልሠራው ግንብ

አባቴ አርባ ዓመት በግንበኝነት ሠርቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከጓደኞቼ ጋር ጠረጴዛ ላይ ለምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ ትናንሽ ሕንፃዎችን ይሠራልኛል። ለዚህ ቅዳሜ የለመንኩት፣ ጣት የሚያህሉ የአሻንጉሊት ወታደሮቻችን የሚመሽጉበት የፈራረሰ ግንብ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግንቡ ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘሁት። ከእንቁላል ካርቶን የተቆረጡት ድንጋዮች ከጥፍር ያንሳሉ፤ አንዱም ከመስመር አልወጣም። ስንጥቅ እንኳ የለውም።

«አባባ፣ ተጫዋቾቹ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ እኮ። ፍርስራሹስ?»

«እጄ እምቢ አለኝ። የእኔ ግንብ ፈርሶ አያውቅም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው የሠራው ነው እንበል።»

መነጽሩን ከፍ አድርጎ አሰበ። «አጎትሽ ነው እንበል?»

የእናቴ ወንድምም ግንበኛ ነው፤ ሁለቱ በሥራ ነገር አንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ የአባቴን እጅ የሚይዘው ጠፋ። «እዚህ ጋ ሲሚንቶ ሰስቷል» እያለ ማዕዘኑን በምላጭ ቦረቦረው። «እዚህ ጋ ደግሞ ወሬ ይዞት ቱምቢውን ረስቷል» ብሎ አንዱን ግድግዳ አዘመመው። ለምሳ ስንቀመጥ ግንቡ ለዓይን የሚያሳዝን፣ ለጨዋታው ግን እንከን የማይወጣለት ፍርስራሽ ሆኖ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ጨዋታውን ሊያይ ብቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ግንቡን ዙሪያውን መረመረና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህን የገነባው ሰው ሲሚንቶ ሰስቷል» አለ። «ቱምቢም የያዘ አይመስለኝም።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አለ አባቴ፣ ወንበር እየሳበለት።