የበሰበሰው የኦርኪዷ ሥር

አቢግያ ወደ ኪጋሊ ስትዛወር አልጋዋን ሸጠች፣ መጻሕፍቷን በካርቶን አሸገች። ኦርኪድ አበባዋን ግን ለእታገኘሁ ተወችላት። ሁለቱ ሴቶች በሰው አገር፣ ጊጊሪ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት ባልደረቦች ነበሩ፤ ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር ባለ አፓርታማም ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል።

«ውሃዋን እንዳትረሺ፣ እታጉ» አለቻት በር ላይ።

እታገኘሁ አልረሳችም። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ታጠጣታለች፤ ስትመለስም እንዲሁ። ቤት ውስጥ የምታናግረው ሰው ስላልነበረ እያጠጣች ውሎዋን ትነግራታለች፤ ዌስትላንድስ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ አለቃዋ ምን እንዳለ። በሁለተኛው ወር አበቦቹ ረገፉ። ቀጥሎ ቅጠሎቹ ተሸበሸቡና ልፍስፍስ አሉ። የጠማት መስሏት ውሃውን ጨመረች። አንድ ቅዳሜ ግን ከተተከለችበት ማሰሮ የብስባሽ ሽታ ወጣ።

ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍራ፣ መንገድ ዳር ችግኝ ወደምትሸጥ፣ ዋምቡይ ወደምትባል ሴት ተክሏን ወሰደቻት። ዋምቡይ ተክሏን ነቅላ ጋዜጣ ላይ አጋደመቻት። ሥሮቹ ጠቁረዋል፤ በጣቷ ስትነካቸው ልጣጫቸው እየሾለከ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል።

«ውሃ መቼ መቼ ነው የምትሰጫት?» አለቻት በስዋሂሊ።

«ጠዋትና ማታ።»

ዋምቡይ ቀና ብላ አየቻት። «ብቻሽን ነው የምትኖሪው፣ ማማ?»

«አዎ» አለች እታገኘሁ።

«እኔ ጋ የሚመጡት ብቻቸውን የሚኖሩት ሁሉ ውሃ ያበዛሉ። ሥሯ በስብሷል፤ የምታጠጫት ውሃ ወደ ቅጠሏ አይደርስም። የተጠማች የምትመስልሽ ለዚህ ነው።»

መቀሱን እሳት ላይ አሙቃ የበሰበሰውን ሁሉ ቆረጠች። የቀሩት ሦስት ሥሮች ናቸው። የተቆረጠው ላይ የቀረፋ ዱቄት ነሰነሰችበት፤ ከዚያ የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ በሞላ፣ ከታች በተበሳ፣ ውስጡ በሚታይ የፕላስቲክ ኩባያ ተከለቻት። «በሳምንት አንዴ ብቻ አጠጫት። ከዚያ ውጪ አትንኪያት።»

ከባዱ አለመንካቱ ነበር። እታገኘሁ ጠዋት ጠዋት ባዶ እጇን መስኮቱ አጠገብ ትቆማለች፤ የምትሠራላት ነገር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውል የነበረችው አቢግያ በወር አንዴ መደወል ጀመረች፤ በኋላ እሱም ቀርቶ መልእክት ብቻ ሆነ። ኦርኪዷ ኩባያው ውስጥ በተተከለች በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደቀ። እታገኘሁ አንስታው ብዙ ተቀመጠች። ኩባያውን ልትጥለው ይዛ ተነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ተመለሰች።

ከተተከለች በአራተኛው ወር በኩባያው ጎን ጫፉ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ሥር ታያት። መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየችው። ፎቶ አንስታ ለአቢግያ ላከች።

መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው፤ የድምፅ መልእክት ነበር፣ ከኋላው የሰዎች ሳቅ ይሰማል። «ውይ፣ እስካሁን አለች እንዴ? እኔማ የጣልሻት መስሎኝ ነበር። በይ፣ ሰሞኑን እደውልልሻለሁ።»

ሁለት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ይህን ሥር ለማን ላሳየው ብላ አሰበች። በሐሳቧ የመጣችላት ዋምቡይ ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ኩባያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። ዋምቡይ ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና አጠገቧ የምትሸጠውን ሴት ጠራች፤ ሁለቱ እየተቀባበሉ አዩት። ለእታገኘሁም በርጩማ አቀረቡላት።

«መቼ ታብባለች?» አለች እታገኘሁ።

«ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ።»

የእታገኘሁ የሥራ ውል የሚያበቃው በመጪው ሰኔ ነው፤ ከዚያ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ይህን አልነገረቻትም። ችግኞቹ መሃል ተቀምጣ ደንበኛ ሲመጣና ሲሄድ እያየች ቆየች። ዝናቡ ሲጀምር ኩባያውን በሻርፗ ሸፍና ወደ ማታቱ ማቆሚያው ብቻዋን ወረደች።