የአርዲስ ጊደር በዌንዴል እጅ

አርዲስ ኩቼራ እጇን የሰበረችው በወረዳው የከብት ትርኢት ዋዜማ ነው። ጊደሯን ማቤልን ከተጎታቹ ስታወርድ የብረት መዝጊያው አመለጣትና መጥቶ አንጓዋ ላይ አረፈ። ሐኪሙ በጄሶ ጠቅልሎ ሲያበቃ፣ "እስኪድን ድረስ ገመድ የሚባል ነገር እንዳትነኪ" አላት።

"ነገ'ኮ ነው ውድድሩ።"

"ጊደሯን ሌላ ሰው ይዞልሽ ይግባ።"

ሌላ ሰው አልነበራትም። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። አንድ ልጇ ኦማሃ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ ከብት ካየ መንገድ የሚቀይር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትርኢቱ ቦታ በረት ውስጥ በግራ እጇ ማቤልን እያበጠረች ነበር። በረቱ በሰጋቱራ ሽታና በፀጉር ማድረቂያዎች ጩኸት ተሞልቷል። ከፊት ለፊቷ ያለው ረድፍ የዌንዴል ቶኒስ ነው። ዌንዴል አጥር የምትጋራው ጎረቤቷ ነው። ሁለቱም ንጹህ ዝርያ ሄርፎርድ ያረባሉ፤ ፊታቸው ነጭ፣ ገላቸው ቀይ የሆኑትን። ክረምት ከበጋ ሰላም ናቸው፤ የወረዳው ትርኢት በደረሰ ቁጥር ግን ዓይንና ናጫ ይሆናሉ። ሦስት ዓመት በተከታታይ የጊደሮቹን ዋንጫ የወሰደው እሱ ነው፤ እሱም ደግሞ ይህን በየአጋጣሚው ሳይጠቅስ አያልፍም።

ዌንዴል ጄሶዋን አየና ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። "ማን ይዞልሽ ሊገባ ነው?"

"ምን አገባህ?"

"ማቤል ብቻዋን ገብታ 'አርዲስ ልካኝ ነው' አትል መቼም።"

አርዲስ ማበጠሯን ቀጠለች። "እኔ ልያዝልሽ" አለ።

"አንተ? ያንተ ጊደር ፐርል እዚያው ምድብ ውስጥ አይደለችም እንዴ?"

"እሷን ኮሪን ትይዛታለች።" ኮሪን ልጁ ናት፤ ማዶ ቆማ የፐርልን ጅራት እያበጠረች ነበር።

"ሞኝህን ፈልግ፣ ዌንዴል።"

"ደስ ያለሽን። እዚሁ ታስራ ትዋላ።"

አርዲስ ጊደሯን አየቻት። የተወለደችው በረዶ በሚወርድበት የመጋቢት ሌሊት ነው፤ አርዲስ አጠገቧ አድራ፣ በፎጣ እያሻሸች ነው በሕይወት ያቆየቻት። አሁን ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ፣ ደረቷ ሰፊ፣ አካሄዷ ዝግ ያለ ሆናለች። እንዲህ አምራ፣ ማንም ሳያያት ወደ ቤት ልትመልሳት አልቻለችም።

"እንካ" አለችና አፍሳሩን ሰጠችው። "ብትቀልድባት ግን አጥሩን አፍርሼ ነው የምመጣልህ።"

አንድ ነገር ሳትነግረው ቀረች። ማቤል ብዙ ከቆመች ወገቧን ትለቃለች፤ ጀርባዋ ይሰረጉዳል። ከብቱን ይዞ የሚገባው ሰው በሚይዘው ዘንግ ጫፍ ከእምብርቷ አለፍ ብሎ ሆዷን ካከኩላት ብቻ ነው ቀና የምትለው። ይህን ለመማር አርዲስ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶባታል፤ እንዴት ተብሎ ለዌንዴል ይነገራል?

ጊደሮቹ ወደ ሜዳው ሲገቡ እንጨት መቀመጫው ላይ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ዳኛው ከካንሳስ የመጣ፣ እግረ ረጅም ወጣት ነው። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በእያንዳንዷ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል። አርዲስ ዓይኗን ከዌንዴል እጅ አልነቀለችም። ሸፍጥ ካለ እዚያ ላይ ይታያታል፤ ገመዱን ሲያላላ፣ እግሯን አጣሞ ሲያቆም። ዌንዴል ግን ማቤልን የገዛ ጊደሩን እንደሚይዝ አድርጎ ይዟታል። አንገቷን ቀና፣ የኋላ እግሯን በዘንጉ ነካ፣ ራሱ ደግሞ ዞር ብሎ ለዳኛው መንገድ መልቀቅ። ከነሱ ቀጥሎ ኮሪን ፐርልን ይዛ ቆማለች።

ዳኛው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ቆየ። ፀሐዩ በረታ። ማቤል ወገቧን ለቀቀች።

ዌንዴል ጀርባዋን አከከላት፤ ይባስ ሰረጎደች። ደረቷን ነካት፤ ምንም። ዳኛው ተመለሰ፣ ማቤል ጋ ለመድረስ አንድ ጊደር ብቻ ቀርቶት ነበር።

አርዲስ ሳታስበው ብድግ አለች። "ሆዷን! ዌንዴል፣ ሆዷን እከክላት! ከእምብርቷ ኋላ!"

ሜዳው በሙሉ ዞረ። ሰዉ ሳቀ፣ ዳኛውም ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። ዌንዴል ቀና ብሎ ሳያያት ዘንጉን ወደ ሆዷ ላከ፤ ማቤልም ጀርባዋን መልሳ አስተካክላ ቆመች።

ዳኛው ከማቤል ወደ ፐርል፣ ከፐርል ወደ ማቤል ተመላለሰ። በመጨረሻ መጥቶ የማቤልን ዳሌ በመዳፉ ቸብ አደረጋት። አንደኛ! ፐርል ሁለተኛ ወጣች።

አርዲስ ወደ በረቱ ስትመለስ ደስታዋ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሏት ሄደ። አንድ ነገር ከንክኗታል። ዌንዴል የአንደኝነቱን ሰማያዊ ሪባን ሲሰጣት አልተቀበለችውም።

"አዝነህልኝ ነው የለቀቅህልኝ?"

"ምን?"

"ሰምተሃል።"

የዌንዴል ፊት ቲማቲም መሰለ። "እኔ ላንቺ? ኮሪን የፐርልን የኋላ እግር አጥብባ ነበር ያቆመችው። አጠገቤ ናት'ኮ፤ አየሁ። 'ክፈቺው' ልላት አፌ ድረስ መጣ። ግን ያንቺን ገመድ ይዤ በምን አፌ? ዋጥኩት። እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።"

ኮሪን ባልዲዋን አስቀመጠች። "አባዬ! አይተህ ነው ዝም ያልከኝ?"

"ዝም አልኩ።"

"ቤት እንነጋገራለን" አለችው፣ እሷ ወላጅ እሱ ልጅ የሆነ ይመስል።

አርዲስ መሬት መሬት እያየች፣ "እኔ ደግሞ የሆዷን ነገር ደብቄህ ነበር" አለች።

"እሱማ እንደ ባቡር ስትጮሂ ገባኝ።"

ሪባኑን ተቀበለችው።

ከሰዓት በኋላ ለዋንጫው ከየምድቡ አንደኛ የወጡት ተመልሰው ሲገቡ ዌንዴል ወገቡን ያዘውና አልችልም አለ። አርዲስ ኮሪንን ጠርታ አፍሳሩን ሰጠቻት። በዚህ ጊዜ ምንም አላስቀረችም፤ ሆዷን፣ መራመድ በግራ እግር መጀመሯን፣ ኮፍያ የሚያውለበልብ ሰው እንደሚያስደነግጣት፣ ሁሉንም ነገረቻት። "ገባኝ፣ ወይዘሮ አርዲስ፣ አይስጉ" አለች ልጅቷ።

አርዲስና ዌንዴል አንድ መቀመጫ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይህ ከተደረገ ስንት ዘመኑ። እሱ ፓይ የሚባለውን በኮክ የተሞላ ጣፋጭ ገዝቶ አንድ እጅ ላላት ጎረቤቱ በሹካ ቆራረጠላት። ኮሪን ጊደሯን አሳምራ አቆመች፤ ማቤልም ፍንክች አላለችም። ዋንጫው ግን ከፕላት ወንዝ ማዶ ለመጣች ሌላ ጊደር ሆነ፤ ማቤል ተከታይዋ ተባለች።

"ዳኛው ምኗን አይቶ ነው?" አለ ዌንዴል ወደ አርዲስ ዘንበል ብሎ። "አንገቷ ብቻ'ኮ ነው።"

"ትከሻዋስ? በር አይደል እንዴ የሚያህለው!"

"ስትሄድ ደግሞ ወደ ውስጥ ትረግጣለች።"

"አይቻለሁ! እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።"

ሰዉ እየተነሳ ሄደ። ሁለቱ ግን ያቺን ጊደር ከኮቴዋ እስከ ጆሮዋ እያነሱ ሲጥሏት፣ ኮሪን ከታች ሆና ማቤል ውሃ ጠምቷታል ብላ እስክትጣራ ድረስ ከቦታቸው አልተነሱም።